ከፓራፊን ሰም ኢመልሲፋየር፦ ሁለቱን ዋጋ ሳታዩ አትጀምሩ

ፓልም ዘይት በጨመረ ቁጥር "ከፓራፊን ሰም ኢመልሲፋየር ብንሠራ አያዋጣም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ኢመልሲፋየር ማለት ዘይትና ውሃን አስማምቶ የሚይዝ ነገር ነው፤ የወለል ሰምና የጫማ ክሬም ላይ ይገባል።

መሥራቱስ ይቻላል። ሰሙ ይቀልጥና ከ100 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ፣ የማንጋኒዝ ካታሊስት ተጨምሮበት ለሰዓታት አየር ይነፋበታል። ረጅሙ የሰም ሰንሰለት ይቆራረጥና ፋቲ አሲድ ይወጣዋል። ኮስቲክ ሶዳ ሲገባበት አሲዱ ሳሙና ይሆናል፤ ያልተለወጠውንም ሰም ከውሃ ጋር ያዋህደዋል። አየር ከበዛበት ይጠቁራል፣ ይሸታል። የእሳት አደጋውም ቀላል አይደለም።

ጀርመኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቪተን ከተማ ላይ ከድንጋይ ከሰል በተገኘ ሰም ፋቲ አሲድ በፋብሪካ አምርተዋል። ረክሶላቸው አይደለም፤ የውጭ ቅባት እንዳይቸግራቸው ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ሰሙ ድፍድፍ ነዳጅን፣ ተፎካካሪው ስቴሪክ አሲድ ደግሞ ፓልምን ይከተላል። ኢንዶኔዥያ በሚያዝያ 2014 የፓልም ዘይት ኤክስፖርት ስታግድ ብሬንትም ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲወደዱ ሰም ማምለጫ አይሆንም።

የሚያዋጣው ፓልም ወጥቶ ነዳጅ ሲረጋ ብቻ ነው። ያኔም ማሞቂያውን፣ ኬሚካሉንና ብክነቱን ደምሩ። ተሠርቶ ያለቀውን የምትገዙም የአሲድ ቁጥሩን ሳትጠይቁ ብር እንዳትከፍሉ፤ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ሰሙ ከውሃ ጋር አይያያዝም።