ለድንጋይ የተባለው ለሊቲየም አይሆንም

የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ልማድ ነው። ከንቱም አልነበረም። በድሮው የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲሞቅ ሥራው ይፈጥናል፤ ሊሞት የተቃረበውም ድንጋይ የማታውን ዜና የሚያሰማ ጉልበት ያገኛል። ችግሩ ድንጋዩ ተለውጦ ልማዱ አለመለወጡ ነው። ዛሬ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ገበያ ላይ በሚሸጠው የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ባለ ቁልፍ ስልክና ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው ዳግም የሚሞላ ባትሪ በአብዛኛው ሊቲየም ነው። ስለ እሱ የምንመካከረው ግን ከሌላ ባትሪ በወረስነው ዕውቀት ነው።

«የደከመ ባትሪን ፀሐይ ያነቃዋል» ለሊቲየም ተረት ነው፤ ያውም ጎጂ ተረት። ሊቲየምን የሚያስረጀው ዋናው ነገር ሙቀት ነውና። በ25 ዲግሪ ሙቀት ሙሉ ሆኖ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ 20 በመቶ ገደማ ያጣል። እዚያው ሙቀት ላይ 40 በመቶ ብቻ ተሞልቶ ቢቀመጥ የሚያጣው 4 በመቶ ገደማ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ሙሉው 35፣ በከፊል የተሞላው ደግሞ 15 በመቶ ያህል ይጎድልባቸዋል። የጎደለው አቅም ደግሞ እንደገና ቻርጅ በማድረግ አይመለስም።

ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ ወደ መርሐቤቴ የሚመጣ ሰው የጀማን ሸለቆ ወበቅ ያውቀዋል። በዚያ ቁልቁለት የመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ የሚመታው ስልክ ወይም ፓወር ባንክ ከውጭው አየር በጣም የባሰ ይግላል፤ ቦርሳ ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል። ዓለም ከተማ ግን ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጥላ ያለበት ደረቅ መደርደሪያ ለባትሪ በቂ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ከፍሪጅ ሲወጣ የሚያዝበት ጤዛ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የመንዝ ብርድ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ለማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ለመሙላት ግን በጓሳ አካባቢ እንዳለው ውርጭ ያለበት ሌሊት አደገኛ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ሲሞላ ውስጡ ብረት ሆኖ የሚለጠፍ ሊቲየም ይፈጠራል፤ ይህም አቅሙን ይቀንሳል፣ ውሎ አድሮም በውስጡ ሾርት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ያደረ የእጅ ባትሪ ቻርጀር ላይ ከመሰካቱ በፊት ቤት ገብቶ ብርዱ ይልቀቀው።

«አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሰካ፤ ከዚያም እስኪጠፋ ተጠቅማችሁ ሙሉት» የሚለው ምክር የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ቅርስ ነው። ያ ባትሪ በእርግጥ በየጊዜው መራገፍ ይፈልግ ነበር። ሶኒ በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ ያቀረበው ሊቲየም አዮን ግን ይህን አይፈልግም። ባዶ እስኪሆን ማድረቅም፣ ሌት ተቀን መቶ ላይ ማቆየትም ዕድሜውን ያሳጥሩታል። መብራት ሊጠፋ ይችላል ብሎ መቶ በመቶ መሙላት ተገቢ ነው፤ ሞልቶ ትራስ ሥር ተሰክቶ ማደሩ ግን ተገቢ አይደለም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሳይሠሩበት ለረጅም ጊዜ ማስቀመጡ ነው። የሶላር እርሳስ ባትሪ ያላቸው ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡት ሙሉ መሆን እንዳለበት ያውቃሉ፤ ለእርሳስ ትክክል ነው። ሊቲየም ግን ለክረምት ሲቀመጥ ግማሽ አካባቢ ሆኖ ነው። ባዶውን የተተወ ሴል ከ2 ቮልት በታች ሲወርድ በውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ በኋላ ሲሞላ በውስጡ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። እንዲህ የሞተውን ባትሪ በሽቦ ከሌላ ጋር አገናኝቶ «ማስነሳት» የሚችል ባለሙያ አይጠፋም። የተነሳው ግን እሳቱን ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ በእኔ እምነት ይህ ሥራ ጨርሶ መቅረት አለበት። በየሦስት ወሩ አይቶ ጥቂት መሙላት ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ወደ ግዢው ስንመጣ «ቁጥሩ የበዛ ይሻላል» የሚለው እምነት ብዙ ብር ያስከፍላል። በእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባው 18650 የሚባለው ክብ ሴል 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። በዚህ መጠን ምርጡ የሚይዘው 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። 9,900 የተጻፈበት ሴል ውሸት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ደህናው ሴል 45 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ በእጅ ሲያዝ ከቀለለ ውስጡ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ቮልቱንም አንብቡ። በብዙ የሶላር ፋኖሶች ውስጥ የሚገባው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ በስልክና በእጅ ባትሪ ውስጥ የለመድነው 3.7። መልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል። 3.2ቱን እስከ 4.2 ቮልት በሚሞላ ቻርጀር መሙላት ግን ከልክ በላይ መሙላት ነው።

«ኦሪጅናል ከሆነ ምንም አይሆንም» የሚለውም አያስተማምንም። ከኖኪያ ስልኮች አልፎ በትንንሽ ሬዲዮዎች የምናውቀው ቢኤል 5ሲ ባትሪ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኩባንያው ከራሱ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። ማትሱሺታ ያመረታቸው 46 ሚሊዮን ያህል ባትሪዎች ሲሞሉ ከልክ በላይ ሊግሉ እንደሚችሉ ታውቆ ኖኪያ በነፃ ልቀይር ብሏል። ኦሪጅናሉም ካበጠ ወይም ከጋለ ከአገልግሎት ይውጣ።

«ትንሽ ባትሪ ምን ታደርጋለች?» ለሚሉ ደግሞ የራሳችን አገር አውሮፕላን ምስክር ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ለንደን ሂትሮ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር ከጅራቱ አቅራቢያ ጣሪያው ተቃጠለ። ውስጡ ሰው አልነበረም። ምርመራው ያመለከተው አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ትንሽ መሣሪያን ነው፤ የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ተቆንጥጠው ሾርት ሳይፈጥሩ አልቀረም። ባትሪው ዳግም የማይሞላ የሊቲየም ዓይነት ነበር፤ ሾርት ግን የሚሞላውንም አይምርም። ትርፍ ሴል ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ።

ያበጠ ባትሪን በመርፌ ወግቶ «አየሩን ማስወጣት» ከሁሉም የከፋ ነው። ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ መርፌውም ራሱ ሾርት ይፈጥራል። ጫፎቹ ተሸፍነው ደረቅ አሸዋ ባለበት ሸክላ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤትና ከሣር ክምር ርቆ ይቀመጥ፤ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ ባትሪ በእሳት ከተያያዘ ደግሞ ሰው ከጭሱ ይራቅ፣ ቻርጀሩ ከተነቀለ በኋላ ብዙ ውሃ ይፍሰስበት። በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ አይደረግም የሚለው ማስጠንቀቂያ ከመስመር ጋር ለተያያዘ ነገር ነው፤ ከመስመር የተለየው ትንሽ ሊቲየም ግን መቀዝቀዝ አለበት፣ ለዚያም ውሃ ጥሩ ነው። ነበልባሉ ቢጠፋም ሴሉ እንደገና ሊቀጣጠል ስለሚችል ውሃው ወዲያው አይቁም።