ሰርቮው ዞሯል፣ አውሮፕላኑ ግን አልሰማም! ጥፋቱ የማን ነው?

ስቲኩን ወደ ኋላ ስባችኋል፣ ሰርቮውም ዞሯል። አውሮፕላኑ ግን አፍንጫውን ወደ መሬት እንደደፋ ነው። የመጀመሪያዋን የፎም አውሮፕላናችንን ያጣናት እንዲህ ነው። ባትሪው ደህና፣ ሪሞቱም ደህና ነበር። ስብርባሪውን ስንለቅም ያገኘነው ጥፋተኛ ከሰርቮው እስከ ጭራው የተዘረጋው ሽቦ ነው፤ እንደ ቀስት ጎብጧል።

ብዙዎቻችን ገንዘባችንን ሞተርና ባትሪ ላይ እንጨርስና ሽቦውን ካገኘነው ነገር እንሠራዋለን። ግን የእናንተን ትዕዛዝ ለጭራው የሚያደርሰው እሱ ብቻ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

👉 ሽቦው እንዳይጎብጥ
ሽቦ ሲሳብ ጠንካራ ነው፣ ሲገፋ ግን ይጎብጣል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ የሚችለው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል። መፍትሄው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ፣ ቱቦውን በየመሃሉ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ማጣበቅ ነው። ቱቦው ለሽቦው ልክ ይሁን። ሰፊ ከሆነ ሽቦው እዚያው ውስጥ ይጎብጣል።

👉 የቱ ቀዳዳ ላይ እንሰር?
ብዙዎቻችን የምናውቀው ትንሹ ኤስጂ90 ሰርቮ በ4.8 ቮልት ጉልበቱ 1.8 ኪሎ ግራም በሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሽቦው ከሰርቮው መሃል 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ከታሰረ ቢበዛ በ1.8 ኪሎ ይገፋል። 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ከታሰረ ግን 0.9 ኪሎ ብቻ! ስለዚህ በሰርቮው በኩል ወደ ውስጥ፣ ጭራው ላይ ባለው ቀንድ በኩል ደግሞ ወደ ውጭ እሰሩ። እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል። እንቅስቃሴው ካነሰባችሁ አንድ ቀዳዳ ብቻ እየቀየራችሁ ሞክሩ።

👉 ቀዳዳው እንዳይላላ
ቀዳዳው ከሽቦው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ምን ችግር አለው? 1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ቀንድ ላይ ጭራው 3 ዲግሪ ገደማ ወዲያ ወዲህ ይላል ማለት ነው። በፍጥነት ስትበሩ ንፋሱ ይህን የላላ ክፍል ያርገበግበዋል። ፍላተር የሚባለው ይሄ ነው፣ በሰከንዶች ውስጥ ጭራውን ሊገነጥለው ይችላል። ቀዳዳውን ከሽቦው በቀጠነ መብሻ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስፉት።

👉 በአየር ላይ እንዳይወልቅ
በአንዱ ጫፍ ሽቦውን በፒንሳ በዜድ ቅርጽ እጠፉት። ርካሽ ነው፣ የሚፈታ ነገርም የለውም። በሌላው ጫፍ ርዝመቱን ለማስተካከል ክሌቪስ ተጠቀሙ፣ ላዩ ላይም ቁራጭ የሲሊኮን ቱቦ አጥልቁበት፤ አፉ እንዳይከፈት ይይዘዋል። በትንሽ ብሎን የሚጠብቀውን ዓይነት ከመረጣችሁ የሞተሩ ንዝረት ያላላዋልና ሁሌም ፈትሹት።

👉 የአንድ ደቂቃ ፍተሻ
መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ንቀሉ፤ ጣት ይቆርጣል። ሪሞቱን፣ ከዚያ አውሮፕላኑን አብሩ። ጭራውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ገፋ አድርጉት። ሰርቮው ሳይንቀሳቀስ ጭራው ከተንቀሳቀሰ ወይ ሽቦው እየጎበጠ ነው፣ ወይ ቀዳዳው ላልቷል። ስቲኩን እስከ ጫፍ ስትወስዱት ሰርቮው እዚያ ደርሶ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ ተቀርቅሯል።

ከሁለቱ አንዱን ካያችሁ በዚያ ቀን አታብሩ። ሽቦ በጥቂት ብር ይቀየራል። ሰው ላይ የወደቀ አውሮፕላን ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የእናንተስ አውሮፕላን በምን ምክንያት ወደቀ? ኮመንት ላይ ንገሩን፣ አውሮፕላን ለሚሠራ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።