ባንዲራው ለምን ያስለቅሳቸዋል?

አሜሪካኖችና የሀገር ፍቅራቸው፣ ከሜዳ ሲታይ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጁን 23 ቀን 2010። ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ፣ ሎፍተስ ቨርስፌልድ ስታዲየም። 90ው ደቂቃ ሞልቷል። አሜሪካና አልጄሪያ 0 ለ 0 ናቸው። በዚህ ውጤት ካለቀ አሜሪካኖቹ ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ሀገራቸው መሄዳቸው ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ክሊንት ዴምፕሲ ያገባው ጎል በኦፍሳይድ ተሽሮባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ኳሷ እምቢ ብላለች። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ሳይቀሩ ስታዲየም ገብተው ጨዋታውን እየተከታተሉ ነው።

በረኛው ቲም ሃዋርድ ኳሷን እንደያዘ ጊዜ ሳያጠፋ በእጁ ወረወራት። ላንደን ዶኖቫን ተቀብሎ እየነዳ በረረ፣ ለጆዚ አልቲዶር ሰጠ፣ አልቲዶር ወደ መሃል አሻገረ፣ ዴምፕሲ መታ፣ የአልጄሪያው በረኛ ምቦልሂ መለሰ... ዶኖቫን ከኋላ ደርሶ መረብ ላይ አሳረፋት። 91ኛው ደቂቃ! አሜሪካ ከምድቧ አንደኛ ሆና አለፈች። ከ1930 ወዲህ እንዲህ ሆኖላት አያውቅም።

ዶኖቫን ወደ ማዕዘን ምቱ ባንዲራ ሮጦ ሲወድቅ ቡድኑ በሙሉ ላዩ ላይ ተከመረበት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሰዓቱ የሥራ ቀን ጠዋት ነበር። ሰዉ ግን ቡና ቤቱን ሞልቶ፣ ባንዲራ ለብሶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቅፎ ሲጮህና ሲያለቅስ ታየ። "አሜሪካኖች ኳስ አይወዱም" ሲል ለኖረው የዓለም ደጋፊ ነገሩ እንግዳ ነበር። ኧረ ለመሆኑ ምን አስለቀሳቸው? ኳሷ ናት ወይስ ባንዲራው?

መልሱን ለማግኘት ስታዲየሞቻቸውን ማየት ይበቃል።

መዝሙሩ ሜዳ የገባበት ቀን

እኛ ሀገር ብሔራዊ መዝሙር የሚያስቆመን በአብዛኛው ዋልያዎቹ ሲጫወቱ ነው። እንግሊዝም ብትሄዱ አርሰናልና ቼልሲ ሲገናኙ ማንም መዝሙር አይዘምርም። አሜሪካ ግን ሌላ ነው። የክለብ ጨዋታ ይሁን የትምህርት ቤት ውድድር፣ መጀመሪያ ሁሉም ይነሳል፣ ኮፍያ ይወልቃል፣ እጅ ደረት ላይ ይሆናል።

የመዝሙሩ ግጥም የተጻፈው በ1814 ነው። ደራሲው ፍራንሲስ ስኮት ኪ የእንግሊዝ መርከቦች ባልቲሞር አጠገብ የሚገኘውን ፎርት ማክሄንሪ ምሽግ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድቡ አድረው ጠዋት ላይ ባንዲራው እንዳልወረደ አይቶ ጻፈው። ሜዳ ላይ ስሙን ያስጠራው ግን የ1918ቱ የቤዝቦል ፍጻሜ ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን ቺካጎ ውስጥ የቦስተን ሬድ ሶክስና የቺካጎ ከብስ እየተጫወቱ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት አላለቀም፤ የብዙ ተመልካች ልጅና ወንድም ጦር ሜዳ ነው ያለው። በእረፍቱ ሰዓት ባንዱ መዝሙሩን ሲጀምር ከባሕር ኃይል ፈቃድ ወስዶ የመጣው የሬድ ሶክስ ተጫዋች ፍሬድ ቶማስ ወደ ባንዲራው ዞሮ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። ሌሎቹም ተከተሉ፣ ተመልካቹም አብሮ ዘመረ። መዝሙሩ በሕግ የሀገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ከዚያ በኋላ በ1931 ነው። በሌላ አባባል፣ ስታዲየሙ ምክር ቤቱን ቀድሞታል።

ለምን ይሄን ያህል ይደጋገማል? አሜሪካኖች በአንድ ዘር፣ በአንድ ሃይማኖት ወይም በአንድ ጥንታዊ ታሪክ የተሳሰሩ ሕዝቦች አይደሉም። አንዱ አየርላንድ፣ አንዱ ጣልያን፣ አንዱ ሜክሲኮ፣ ሌላው በባርነት ሰንሰለት ከአፍሪካ የመጣ ነው፤ ከሁሉም በፊት የነበሩት ነባር ሕዝቦችም አሉ። ይሄን ሁሉ ሰው የሚያያይዘው ወረቀት ነው፤ የ1776ቱ የነጻነት አዋጅና ሕገ መንግሥቱ። አዲስ ዜጋ ሲሆኑም የሚማሉት ለንጉሥ ወይም ለመሬት ሳይሆን ለሕገ መንግሥቱ ነው። በደም ያልተሰጠ ዝምድና ደግሞ መታደስ ይፈልጋል። ከየጨዋታው በፊት መነሳታቸው ቃል ኪዳን እንደማደስ ነው።

ሳህን አጣቢው እንግሊዝን ሲያዋርድ

"እዚህ ሀገር ከየትም መጥተህ ሰው ትሆናለህ" የሚለው እምነት የአሜሪካኖች ኩራት ዋና ምሰሶ ነው። ኳስ ውስጥ ከጆ ጌቲየንስ የበለጠ ምስክር የለም።

ጁን 29 ቀን 1950፣ ብራዚል፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ። እንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ላይ ቀርባለች። ቶም ፊኒ አለ፣ ቢሊ ራይት አለ፣ ስታን ሞርተንሰን አለ። በአሜሪካ በኩል ያለው ደግሞ ትርፍ ሰዓቱን ኳስ የሚጫወት ሠራተኛ ነው። አማካዩ ዋልተር ባር አስተማሪ፣ በረኛው ፍራንክ ቦርጊ የሬሳ መኪና ሹፌር ነበሩ። አጥቂው ጆ ጌቲየንስ ከሄይቲ መጥቶ ኒውዮርክ ውስጥ ሒሳብ የሚማርና ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ ልጅ ነው።

38ኛው ደቂቃ ላይ ባር ከሩቅ የመታትን ኳስ ጌቲየንስ ተወርውሮ በጭንቅላቱ ነካት፤ አቅጣጫዋን ቀይራ ገባች። 1 ለ 0። እንግሊዞች ቀሪውን ሰዓት ሁሉ ቢያጠቁ ቦርጊን ማለፍ አልቻሉም። ሲያልቅ ብራዚላውያኑ ጌቲየንስን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ዞሩ።

የሚገርመው ግን ጌቲየንስ የአሜሪካ ዜጋ አልነበረም! አምበሉ ኤድ ማኪልቬኒ ስኮትላንዳዊ፣ ጆ ማካ ደግሞ ቤልጂግ ተወላጅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዜጋ የመሆን ሐሳብ እንዳለህ መግለጽ ማልያውን ለመልበስ ይበቃ ነበር። አሜሪካኖች ይሄን ታሪክ ሲያወሩ ደረታቸውን የሚነፉት ለዚህ ነው፤ ሳህን አጣቢው ስደተኛ የኳስ ፈጣሪዎቹን አሸነፈ።

የታሪኩ መጨረሻ ግን መራራ ነው። ጌቲየንስ ወደ ሄይቲ ተመለሰ። ጁላይ 8 ቀን 1964 የአምባገነኑ የፍራንሷ ዱቫሊየ ሰዎች ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። አሜሪካ በ1976 የእግር ኳስ የክብር መዝገቧ ውስጥ ስሙን ስታስገባ እሱ በሕይወት አልነበረም። ያኔ የወሰደውን ማልያ ይዞ እዚያው ቢቀር ኖሮ ብለው የሚቆጩለት እስከ ዛሬ አሉ።

የበረዶው ላይ ተአምር

ስፖርት ሀገርን ከአልጋ ሲያስነሳ ማየት የፈለገ ደግሞ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1980ን ያስታውስ። አሜሪካ በዚያ ሰሞን አንገቷን ደፍታ ነበር። ቴህራን ውስጥ ከ50 በላይ አሜሪካውያን ታግተዋል፣ ሶቭየት ኅብረት አፍጋኒስታን ገብታለች፣ ኑሮ ተወዷል።

በዚህ መሃል ሌክ ፕላሲድ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሆኪ አሜሪካና ሶቭየት ተገናኙ። ሶቭየቶች ያለፉትን 4 ኦሊምፒኮች ወርቅ ጠራርገው ወስደዋል። የአሠልጣኝ ኸርብ ብሩክስ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ናቸው። ነገሩ የሰፈር ቡድን ሪያል ማድሪድን ገጠመ እንደማለት ነው። ማይክ ኤሩዚዮኔ የማሸነፊያዋን ሲያስቆጥር ገና 10 ደቂቃ ይቀር ነበር። ያቺ 10 ደቂቃ አላልቅ አለች። በመጨረሻ 4 ለ 3! ከ2 ቀን በኋላም ፊንላንድን 4 ለ 2 ረትተው ወርቁን አጠለቁ። በረኛው ጂም ክሬግ ባንዲራ ትከሻው ላይ ጥሎ ከተመልካቹ መሃል አባቱን በዓይኑ ሲፈልግ የሚያሳየው ምስል እስከ ዛሬ ያስለቅሳቸዋል። ታጋቾቹ በዚያ ቀን አልተፈቱም፤ ኑሮውም አልረከሰም። ግን ሕዝቡ "እንችላለን" ማለት ጀመረ።

በሕግ የተወለዱ ሻምፒዮኖች

በ1994 የዓለም ዋንጫን ሲያዘጋጁ "ባዶ ስታዲየም ይጠብቀናል" ያለው ብዙ ነበር። በአማካይ በአንድ ጨዋታ ወደ 69 ሺህ ተመልካች ገባ፤ ሪከርድ ነው። ቡድናቸው የተሰናበተው በነጻነት ቀናቸው፣ ጁላይ 4፣ በቤቤቶ ጎል በብራዚል 1 ለ 0 ተሸንፎ ነው።

የወንዶቹ እንዲህ ሲሆን ሴቶቹ ግን ዓለምን ገዝተዋል፤ 1991፣ 1999፣ 2015 እና 2019፣ 4 ዋንጫ። የ1999ኙን ፍጻሜ በፓሳዲናው ሮዝ ቦውል 90,185 ሰው አይቶታል። ከቻይና ጋር 0 ለ 0 ካለቀ በኋላ ብራንዲ ቻስቴይን የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት አስገብታ፣ ማልያዋን አውልቃ በጉልበቷ ስትንበረከክ ያልጮኸ የለም።

ይህ ድል ከሰማይ አልወረደም። በ1972 የወጣ አንድ ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሴቶችን በጾታቸው ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል፤ ስፖርቱም በዚያው ተጠቃለለ። ቻስቴይንና ጓደኞቿ ያ ሕግ የከፈተው በር ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸው። አሜሪካኖች "ሥርዓታችን ይሠራል" ሲሉ ከሚጠሩት አንዱ ይሄ ነው።

የሚወዷትን ሀገር መክሰስ

እዚህ ላይ ግን ፍቅሩ ሁሉ ማር ብቻ እንዳይመስል። ባንዲራዋ ሁሉንም እኩል አላቀፈችም።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በሮጠበት በ1960ው ኦሊምፒክ አንድ የ18 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ቦክሰኛም ወርቅ አጥልቋል፤ በኋላ መሐመድ አሊ የተባለው ካሲየስ ክሌይ። ወርቁን ይዞ ሉዊቪል ሲገባ ጥቁር የማይስተናገድባቸው ምግብ ቤቶች እንደነበሩ ነበሩ። በ1967 ቬትናም አልዘምትም አለ፤ ቀበቶውን ተነጠቀ፣ 5 ዓመት ተፈረደበት፣ ከ3 ዓመት በላይ ከሪንግ ራቀ። በ1971 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ፍርዱን ሻረለት። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፈችበት በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ችቦውን የለኮሰው ማን ሆነ? በፓርኪንሰን በሽታ እጁ የሚንቀጠቀጠው ያው አሊ! ከሀዲ ሲባል የኖረው ሰው ሀገሩን ወክሎ ቆመ፤ ስታዲየሙም በጭብጨባ ተናወጠ።

በ2016 ኮሊን ኬፐርኒክ በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን በደል ለመቃወም መዝሙሩ ሲዘመር ተንበረከከ። ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ያስፈረመው ክለብ አልተገኘም። ሜጋን ራፒኖም በዚያው ዓመት ተንበረከከች። ፌዴሬሽኑ በ2017 "ሁሉም ይቁም" የሚል ደንብ አወጣ፣ በ2020 መልሶ ሻረው። እነራፒኖ በ2019 ፌዴሬሽናቸውን በእኩል ክፍያ ጉዳይ ከሰው፣ በዚያው ዓመት ባንዲራውን ለብሰው ሊዮን ላይ ሆላንድን 2 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫ አነሱ። ክሱ በ2022 በ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ወንዱም ሴቱም እኩል እንዲከፈላቸው ተፈራረሙ።

ግማሹ አሜሪካዊ "ባንዲራ የማያከብር ሀገሩን አይወድም" ይላል። ሌላው ግማሽ "ባንዲራው የቆመው ለዚሁ ለመቃወም መብት ነው" ይላል። ጭቅጭቁ አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስልም። ልብ በሉ ግን፣ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ሀገሩን እወዳለሁ ብሎ ነው።

ቦስተን፤ ሜዳሊያውና ስሞቹ

የእኛም ልጆች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት። በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ሜሪላንድ ያደገው የቀድሞው የአርሰናል ተጫዋች ጌዲዮን ዘላለም ለጀርመን፣ ለኢትዮጵያ ወይም ለአሜሪካ መጫወት ይችል ነበር። ዋልያዎቹን ያልመለት ደጋፊ ጥቂት አልነበረም። እሱ ግን በ2014 መጨረሻ ዜግነት ወስዶ፣ በ2015 ኒውዚላንድ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ። ያደገበት ሰፈር ሳበው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የቦስተን ማራቶን ነው። አፕሪል 15 ቀን 2013 ውድድሩን ያሸነፈው የእኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። ከሰዓታት በኋላ መጨረሻው መስመር አጠገብ 2 ቦምብ ፈነዳ፤ 3 ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ቆሰለ። ሌሊሳ በጁን ወር ወደ ቦስተን ተመልሶ ሜዳሊያውን ለከተማዋ ሕዝብ መታሰቢያ ሰጠ። ያ ተግባር የአሜሪካኖችን ልብ ነክቷል።

በዓመቱ ሁሉም ወደዚያው ጎዳና ተመለሰ። አስመራ ተወልዶ፣ ከጦርነት የሸሸ ቤተሰቡ በጣልያን በኩል በ1987 አሜሪካ ያስገባው መብ ከፍለዝጊ 39 ዓመት ሊሞላው 2 ሳምንት ቀርቶታል። "አርጅቷል" ተብሏል። ደረቱ ላይ በለጠፈው ቁጥር ማዕዘኖች የሟቾቹን ስም በእስክሪብቶ ጽፎ ገባ። ቀድሞ ወጣ፣ ኬንያዊው ዊልሰን ቼቤት እየተጠጋው መጣ፣ መንገዱ ዳር ያለው ሕዝብ የሀገሩን ስም እየጠራ ገፋው። 2:08:37! ከ1983 ወዲህ ቦስተንን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ሆነ።

መዝሙሩ ሲዘመር መብ አለቀሰ። መንገድ ዳር የቆመውም አለቀሰ። በስደት የመጣ ልጅና እዚያው የተወለደ ሰው በአንድ ባንዲራ ስር የተላቀሱት አንድ አያት ስላላቸው አልነበረም፤ በዚያች ቀን አንድ ሐዘንና አንድ ድል ስለነበራቸው ነው።