ቀበሌን ማን ይጠይቅ?

የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መማሪያ መጽሐፍን የተማረ ሰው ምዕራፎቹን ዛሬም ሊዘረዝር ይችላል። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ ይቀድማል፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻልና ቁጠባ ይከተላሉ። 10ኛው ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ 11ኛው ዕውቀትን መሻት ነው። ክፍል በተቀየረ ቁጥር እነዚያው ርእሶች ይመለሳሉ፤ መጽሐፉ ብቻ ይወፍራል። የዓመቱ ማለቂያ ላይ መምህሩ የተረፈውን በሩጫ ስለሚጨርስ፣ ስለ ተሳትፎና ስለ ዕውቀት ብዙዎቻችን የተማርነው በፈተና ዋዜማ ነው። ትምህርቱ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያም ይፈተን ስለነበር የዜጋን መብት ከአራት አማራጮች መካከል አክብቦ ማውጣት የሚያቅተው ወጣት ጥቂት ነው።

የትምህርቱ ስም ከመንግሥታቱ ጋር ሲለዋወጥ ኖሯል። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ነበር፤ በደርግ የፖለቲካ ትምህርት ሆነ፤ ከ1983 ወዲህ ሥነ ዜጋ ተባለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን መልሶ ለላይኞቹ የዜግነት ትምህርት የሚል ስም ሰጠ። መጻሕፍቱ ክፉ አልነበሩም። ሆኖም ዜግነት ጠይቆ መልስ በማግኘት የሚለመድ ነገር ይመስለኛል፤ መልስ የሚሰጥ ቢሮ በሌለበት መምህሩ ምንም ቢደክም ትርፉ ጥቂት ነው።

ለዜጋው ቅርቡ ቢሮ ቀበሌ ነው። በከተማ ቀበሌ የተተከለው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በወረሰው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የነዋሪዎች ማኅበር ይባል እንጂ ቤት ያከራይ፣ ሸቀጥ ያከፋፍል፣ ነዋሪውን ይጠብቅና ይቆጣጠር ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላም መታወቂያው፣ የድጋፍ ደብዳቤውና የነዋሪነት ማረጋገጫው ከዚያው መስኮት ይወጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ስሙ ወረዳ ሆኗል። ነገ ደብዳቤ የሚጽፍልህን ሰው ዛሬ በስብሰባ መሀል ተነስተህ «ለመንገዱ ያዋጣነው ገንዘብ የት ገባ?» ማለት ቀላል አይደለም። ስብሰባውም ቢሆን አጀንዳው ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፤ «ጥያቄ ካለ» የሚባለው ሰው ጃንጥላውን መፈለግ ሲጀምር ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ከንጉሡ በኋላም በቀበሌ አዳራሽ ዕድሜ አግኝቷል።

ይኸው ዝምተኛ ነዋሪ ዕድሩ ላይ ሌላ ሰው ነው። ገንዘብ ያዡን አቁሞ ደረሰኝ ያስቆጥረዋል፤ ሊቀመንበሩ ካልጣመው በሚቀጥለው ምርጫ ያወርደዋል። ገንዘቡ የራሱ እንደሆነ ያውቃል፤ መዝገቡም ፊቱ ይገለጣል።

አገሪቱ በሙሉ እንዲህ የጠየቀችበት ወቅት የ1997 ምርጫ ነበር። የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ ስለ መሬት ፖሊሲና ስለ ሥልጣን አወቃቀር ቡና ቤት ሁሉ ተከራከረ። ግንቦት 7 ቀን በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱ የተቃዋሚው የቅንጅት ሆኑ። ከዚያ በውጤቱ ላይ ውዝግብና ተቃውሞ መጣ፤ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን በግጭቱ የተገደሉትን ሲቪሎች 193 ብሎ ቆጠረ። ሕዝቡ ከክርክሩ የተማረውን ያህል ከዚህም ተማረ፤ «ጎመን በጤና» ያለው ብዙ ነው። በሚያዝያ 2005 ያው ምክር ቤት ሲመረጥ 138ቱም መቀመጫዎች የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ ነበሩ።

ከ1997 በኋላ ለጋሾች ለፌዴራሉ መንግሥት በጀት የሚሰጡትን ቀጥተኛ ድጋፍ አቁመው በ1998 ገንዘቡን ለመሠረታዊ አገልግሎቶች በተዘጋጀ ፕሮግራም ወደ ወረዳዎች አዞሩት። ማኅበራዊ ተጠያቂነት የሚባለው አሠራር የገባው በዚሁ ጓዳ በር ነው። በተመረጡ ወረዳዎች የበጀት ሠንጠረዥ በሰሌዳ ተለጠፈ፤ ነዋሪዎች በጀት ማንበብ ሠለጠኑ። በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ ላይ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞች ለብቻ ተቀምጠው አገልግሎቱን በምዘና ካርድ ነጥብ ሰጡት። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ራሳቸውን መዘኑ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ ማን ምን እንደሚያስተካክልና እስከ መቼ እንደሆነ በጋራ ዕቅድ ላይ አሰፈሩ። ነርሷ የምትዘገየው መድኃኒት ቤቱንም ካርድ ክፍሉንም ብቻዋን ስለያዘች ከሆነ እዚያ ይወጣል፤ ቁጣው ከእሷ ላይ ይነሳና ወረዳው ቅጥር እንዲፈቅድ ጥያቄ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥያቄ አስቀድሞ ቁጥሩን ላላየ ሰው አይመጣለትም።

የሚገርመው ይህ የተካሄደበት ጊዜ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በአገር ውስጥ መዋጮ ብቻ ቢሮ መክፈት ለአብዛኞቹ የማይሞከር ስለነበር የመራጮች ትምህርት የሚሰጡት ተመናመኑ። «መብት» ካሉ ፈቃድ ይጠፋል፤ ስለ ውኃ ቦኖው ካወሩ የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው የለጋሾች ገንዘብ አለ። ሰዎች በቦኖው በኩል ወደ መብቱ ገቡ። ይህን ብልኃት አደንቃለሁ፤ ድክመቱ ግን አብሮት የተወለደ ነው። ጥያቄው በፕሮጀክት የቆመ ስለሆነ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሰሌዳውን ወረቀት የሚቀይረው አይታወቅም። የ10 በመቶው ገደብ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተነስቷል።

ፕሮጀክት የማያስፈልገው መሣሪያም አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ፈቅዶ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ የተከለከለ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። የዚሁ አዋጅ የመገናኛ ብዙኃን ድንጋጌዎች በሌላ አዋጅ ሲተኩ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ጸንቷል። ጋዜጠኞች እንኳ እምብዛም አይገለገሉበትም፤ «እዚህ ቤት ሰው ታውቃለህ?» የሚለው መንገድ ይቀናቸዋል። በአዋጁ የጻፈ ሰው ቢያንስ ቀን የተጻፈበት ማመልከቻ በእጁ ይቀራል።

የቀረው የምርጫው ጉዳይ ነው። በሚያዝያ 2005 የተመረጡት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ዘመን በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ። በሰኔ 2013 ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተመረጡ፤ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ግን አልተካሄደም። በ2005 ዕድሜው 17 ስለነበር ያመለጠው ልጅ በ2013 አዋቂ ሆኖ ለፓርላማ መምረጥ ይችል ነበር፤ መታወቂያውን የሚፈርምለትን ቀበሌ ምክር ቤት መምረጫ ወረቀት ግን ማንም አልሰጠውም።