የገና ጨዋታ ቡድን አከፋፈል

የገና ጨዋታ ቡድን አከፋፈል በገና በዓል ሰሞን በዱላና በሩር የሚደረገው ባህላዊ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾች በሁለት ወገን የሚመደቡበት መንገድ ነው። ጨዋታው ከሜዳ ሆኪ ጋር ስለሚመሳሰል «የኢትዮጵያ ሆኪ» የሚሉትም አሉ። በገጠር በሚዘወተረው ጨዋታ የተለካ ሜዳም ሆነ የተወሰነ የተጫዋች ቁጥር የለም። ስለዚህ የሁለቱ ወገኖች ኃይል መመጣጠን አለመመጣጠኑ የሚወሰነው ሩሯ ከመመታቷ በፊት በሚደረገው አከፋፈል ነው።

ጨዋታው

የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በትውፊት እንደሚነገረው እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫውተዋል፤ የጨዋታው መነሻም ይኸው እንደሆነ ይታመናል። ተጫዋቾች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይይዛሉ። ሩሯ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። የእያንዳንዱ ወገን ዓላማ ሩሯን እየመታ ወደ ተቃራኒው ወገን ክልል ማስገባት ነው።

በጨዋታው ወቅት ባለሥልጣንና ተራ ሰው፣ ጌታና አሽከር እኩል ይሆናሉ። በገና ጨዋታ ላይ ጌታ እንኳ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ አባባል ይህንኑ ይገልጻል። ዱላና ጠንካራ ሩር ያለበት ጨዋታ በመሆኑ ጉዳት ይደርሳል። አንዱ ወገን በጣም ሲበረታ ጨዋታው ወደ ጠብ የማምራት ዕድሉ ይጨምራል። አሸናፊዎች ተሸናፊዎችን በግጥም የሚሰድቡበት ልማድም ስላለ ከየትኛው ወገን መሆን ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በሰፈር መከፋፈል

አንደኛው መንገድ በመኖሪያ ቦታ መከፋፈል ነው፤ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ደገኛ ከቆለኛ ይገጥማል። የሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር ለዚህ ይመቻል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ደግሞ በደጋው ጠርዝ ላይ ናት። ከአንኮበር ግርጌ መሬቱ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ገናም የሚውለው የመኸር አጨዳ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ለመጫወቻ የሚሆን ሰፊ ሜዳ አይጠፋም።

በዚህ መንገድ መራጭም ተመራጭም የለም፤ ሰው የሚጫወተው ለሰፈሩ ነው። ጥቅሙ ወገንተኝነቱ ጨዋታውን ማድመቁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ጎረምሳ ያለው ሰፈር ሁልጊዜ የሚበልጥ መሆኑ ነው። በሰፈሮች መካከል የቆየ ቅሬታ ካለም ወደ ሜዳው ይገባል።

አቻ ለአቻ መከፋፈል

ሁለተኛው መንገድ በልጆችና በወጣቶች ዘንድ የታወቀ ሲሆን ከገና ሌላ በሰፈር እግር ኳስና በሌሎች ጨዋታዎችም ያገለግላል። አሠራሩ የሚከተለው ነው፦

1. ሁለት የቡድን አባቶች ይመረጣሉ።
2. የቀሩት ተጫዋቾች በጉልበትና በችሎታ የሚመጣጠናቸውን እየፈለጉ ሁለት ሁለት ይሆናሉ።
3. ጥንዶቹ ራቅ ብለው በምስጢር ስም ይከፋፈላሉ፤ ለምሳሌ አንዱ «አንበሳ»፣ ሌላው «ነብር» ይሆናል።
4. ተመልሰው ለአንደኛው አባት «አንበሳ ወይስ ነብር?» ብለው ያቀርቡለታል። የጠራው ስም ባለቤት ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ተቃራኒው ቡድን ይገባል።
5. ለሚቀጥሉት ጥንዶች መራጩ ሁለተኛው አባት ይሆናል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይጨርሳሉ።

የተጫዋቾቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ አንድ ሰው አቻ ሳያገኝ ይቀራል። ይሁን እንጂ የገና ጨዋታ እኩል ቁጥርን ግዴታ ስለማያደርግ ይህ ጨዋታውን አያስቆመውም።

በቁጥር ሲታይ

ስምንት ተጫዋቾች አሉ እንበል። ችሎታቸው ከ8 እስከ 1 በቁጥር ቢገለጽ ድምሩ 36 ስለሚሆን ፍጹም እኩል ክፍፍል 18 ለ18 ነው።

በግልጽ ተራ በተራ ሲመረጥ፦ የመጀመሪያው አባት 8፣ 6፣ 4 እና 2ን ይወስዳል፤ ድምሩ 20 ነው። ሁለተኛው 7፣ 5፣ 3 እና 1 ይደርሱታል፤ ድምሩ 16 ነው። ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኘ ሁልጊዜ በ4 ይበልጣል።

አቻ ለአቻ ሲሆን፦ ጥንዶቹ 8 ከ7፣ 6 ከ5፣ 4 ከ3፣ 2 ከ1 ናቸው። ምርጫው በስውር ስም ስለሆነ 16 የተለያዩ ውጤቶች ሊወጡ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ በ6ቱ ቡድኖቹ 18 ለ18 እኩል ይሆናሉ፤ በ8ቱ ልዩነቱ 2 ብቻ ነው፤ በ2ቱ ብቻ ልዩነቱ 4 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር የአቻ ለአቻ መጥፎው ውጤት በግልጽ ምርጫ ሁልጊዜ ከሚገኘው ውጤት አይብስም።

ያለ ጥንድ በዕጣ ብቻ ቢከፈል፦ ጠንካሮቹ አራቱ በአንድ ወገን ሊገጥሙና ውጤቱ 26 ለ10 ሊሆን ይችላል።

ይህ መንገድ የሚሠራው ጥንዶቹ በእውነት አቻ ሲሆኑ ነው። 8 ከ1፣ 7 ከ2፣ 6 ከ3፣ 5 ከ4 ጋር ቢጣመሩ 26 ለ10 እንደገና ሊመጣ ይችላል። ሌላው ደካማ ጎኑ ምስጢሩ ነው። ከጥንዶቹ አንዱ ስሙን ለሚፈልገው አባት አስቀድሞ ከነገረ ዕጣው ዕጣ መሆኑ ይቀራል።

ከሆኪ ሊጎችና ከኮምፒውተር ጨዋታዎች ጋር ሲነጻጸር

የሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ «ድራፍት» የሚባለውን የወጣት ተጫዋቾች መረጣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 በሞንትሪያል ነው። ደካማ ውጤት ያላቸው ቡድኖች ቀድመው የመምረጥ ዕድል ያገኛሉ። ሆን ብሎ መሸነፍ እንዳያዋጣ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ ቅድሚያው በዕጣ ጭምር ይወሰናል።

በኮምፒውተር በሚመሰሉ የሆኪ ሊጎች እያንዳንዱ ተሳታፊ ቡድን ይመርጣል፤ ጨዋታውን የሚያካሂደው ግን የተጫዋቾችን የችሎታ ቁጥር የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። በዚህ ዓይነት ሊግ የተለመደ አንድ መንገድ «የእባብ ተራ» ነው፤ በአንድ ዙር መጨረሻ የመረጠ የሚቀጥለውን ዙር ይጀምራል። በላይኛው ምሳሌ አንደኛው 8፣ 5፣ 4 እና 1፣ ሁለተኛው 7፣ 6፣ 3 እና 2 ስለሚያገኙ ውጤቱ 18 ለ18 ይሆናል። በኢትዮጵያ ብዙ ተከታይ ያለው የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ግን ሌላ መንገድ ይጠቀማል። ተሳታፊው በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ምናባዊ በጀት 15 ተጫዋቾችን፣ ከአንድ ክለብ ከ3 ሳያስበልጥ ይገዛል። አንድን ተጫዋች ብዙ ሰዎች ሊይዙት ስለሚችሉ ሜዳ ላይ ያሉትን ሰዎች ለሁለት የመከፋፈልን ችግር አይፈታም።

የእባብ ተራ እንዲሠራ የሁሉም ተጫዋች ችሎታ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በገና ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም። አቻ ለአቻ ግን ሥራውን ለተጫዋቾቹ ያካፍላል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን አንድ አቻ ብቻ መፈለግ ይበቃዋል። በተጨማሪም በግልጽ ምርጫ ደካማው ልጅ በሁሉ ፊት መጨረሻ ሆኖ ይቀራል። በአቻ ለአቻ ግን የሚጠራው የምስጢር ስሙ እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም፤ ስለዚህ ያልተፈለገ መሆኑ ሳይነገረው ወደ ጨዋታው ይገባል።

በአሁኑ ጊዜ

የገና ጨዋታ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ከሚያወዳድራቸው ስፖርቶች አንዱ ነው። በውድድሩ ቡድኖች የሚቀርቡት ክልሎችንና የከተማ አስተዳደሮችን ወክለው ስለሆነ አከፋፈሉ ከሰፈር ለሰፈር መንገድ ጋር ይመሳሰላል፤ ጨዋታውም በዳኛና በተጻፈ ደንብ ይመራል። አቻ ለአቻ መከፋፈል የቀረው በዓሉን ለመጫወት በሚሰበሰቡ ልጆችና ወጣቶች ዘንድ ነው።