የምክር ቤት ክርክርና ሰጥቶ መቀበል፦ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዴት ይቅረብ?

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ስለ ሕግ አወጣጥ ሲማሩ ተማሪዎችን በሁለት ጎራ ከፍሎ ማከራከር የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው የንግግር ችሎታን ያዳብራል፤ የምክር ቤትን ሥራ ግን እምብዛም አያስተምርም። በክርክር ውድድር ተከራካሪው የሚያሳምነው ዳኛውን ነው። በምክር ቤት ግን ማሳመን ያለበት ተቃዋሚውን ራሱን ነው፤ የሚያስፈልገው ድምፅ በእርሱ እጅ ነውና።

ለዚህ ልዩነት ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነው በ1787 (እ.ኤ.አ.) በፊላዴልፊያ የተካሄደው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ነው። ብዙ ሕዝብ ያላቸው ግዛቶች ውክልናው በሕዝብ ቁጥር እንዲሆን፣ ትንንሾቹ ደግሞ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ጠየቁ። ሐምሌ 16 ቀን የተወሰነው የቁጥር አማካይ አልነበረም። በታችኛው ምክር ቤት ውክልናው በሕዝብ ቁጥር፣ በላይኛው በእኩልነት እንዲሆን፣ የገንዘብ ረቂቆችም ከታችኛው እንዲመነጩ ተስማሙ። ውሳኔው ያለፈው በ5 ለ4 ሲሆን የማሳቹሴትስ ልዑካን እኩል ለእኩል በመከፈላቸው የግዛቲቱ ድምፅ ለየትኛውም ወገን አልተቆጠረም። እዚህ ላይ መምህሩ ሊያነሣ የሚገባው ጥያቄ «ስንት እንቀንስ?» ሳይሆን «እያንዳንዱ ወገን በምንም ዋጋ የማይለቀው ምንድን ነው?» የሚል ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 ተመሳሳይ ችግር በሌላ መንገድ ይፈታል። በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል። ስለዚህ 80 ሺህ ሕዝብ ያለው አንድ፣ 4 ሚሊዮን ያለው 5 ተወካይ ያገኛሉ። «አንድ ሚሊዮን» የሚለው «ሁለት ሚሊዮን» ቢባል የሁለተኛው ድርሻ ወደ 3 ይወርዳል፤ የመጀመሪያው አይነካም። ተማሪዎች በዚህች አንዲት ቃል ላይ ማሻሻያ ሐሳብ አቅርበው ሲደራደሩ የአንቀጽ አጻጻፍ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይረዳሉ።

ከባዱ ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያው የፊላዴልፊያ ጉባኤ፣ ለውክልና ሲባል፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከአምስት ሦስት እጃቸው ብቻ እንዲቆጠር ተስማምቷል፤ ከውጭ የሚገባውን የባሪያ ንግድም ኮንግረሱ እስከ 1808 እንዳያግድ አድርጓል። ድርድር የተካሄደባቸው ሰዎች በአዳራሹ አልነበሩም። ትምህርቱ በሐምሌ 16ቱ ውሳኔ ብቻ ካበቃ ተማሪው ስምምነት ሁሉ መልካም ነው ብሎ ይወጣል። ይህ ለልጆች ይከብዳል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በሌለበት ድርሻው የተከፋፈለበት ልጅ ነገሩን ለመረዳት ዕድሜው አያንሰውም። ስለዚህ በልምምዱ ድምፅ የሌለው ሦስተኛ ቡድን እንዲኖር እመክራለሁ፦ ድርድሩን ከውጭ ሆኖ ይጠብቃል፣ የጸደቀውን አንቀጽ ይቀበላል፣ ምን እንደደረሰበት ለክፍሉ በጽሑፍ ያቀርባል።

ምዘናውም በአሸናፊነት ላይ ሊመሠረት አይገባም። እያንዳንዱ ቡድን የተሻሻለውን አንቀጽና አንድ ገጽ ማብራሪያ ያስረክባል፦ ምን ሰጠን፣ ምን ተቀበልን፣ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?