የሚንቀሳቀስ ሠንጠረዥ

የእግር ኳስ ምድብ እንዴት እንደሚነበብ ላስረዳችሁ። የ4ቱን ቡድኖች ስም በየወረቀቱ ጽፈን ካርቶን ላይ እንሰካለን። ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ሲያገኝ ወረቀቱን ከፍ ዝቅ እናደርጋለን።

ለምሳሌ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ስትበቃ፣ ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ቡርኪና ፋሶ 4፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ እያንዳንዳቸው 2፣ እኛ 1 ነጥብ ነበረን። መጨረሻ ነን ማለት ነው፤ ግን አላበቃልንም! በመጨረሻው ቀን ቡርኪና ፋሶና ዛምቢያ 0ለ0 ወጡ። እስቲ ናይጄሪያን አሸንፈን ቢሆን ብላችሁ ወረቀታችንን አንሱት፦ እኛ 4፣ ዛምቢያ 3፣ ናይጄሪያ 2። እናልፍ ነበር!

እስከ 80ኛው ደቂቃ አካባቢ 0ለ0 ነበርን። ከዚያ በ2 ፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፍን። ናይጄሪያ አልፋ ዋንጫውንም በላች።

ካርቶኑ ክበባችን ውስጥ አለ፤ ኑና ራሳችሁ አንቀሳቅሱት።